ለጉልበቴ ሄጄ ጭኔን ያከመችኝ ባለሙያ

ከ30 ዓመት በላይ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቆመኝ ቀኝ ጉልበቴ ራጅ ተነሥቶ «መገጣጠሚያው ተሸርሽሯል» ከተባለ 4 ዓመት ሆኖታል። ቅባቱም ክኒኑም ሲሰለቸኝ መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ሄድኩ። ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ጉልበት የሚታከምበት ቤት! ደረጃውን ስጨርስ ሕመሜ በእጥፍ ጨምሮ ነበር።

ባለሙያዋ ጉልበቴን ትታ ጭኔን መዳሰስ ጀመረች። «ልጄ፣ የሚያመኝ እኮ እዚህ ታች ነው» ብላት፣ «ቆይ ይታገሡኝ እማማ» አለችና ከጉልበቴ ከፍ ብሎ በውስጠኛው በኩል ሽምብራ የምታህል ቋጠሮ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። ሕመሙ የተሰማኝ ጣቷ ካረፈበት ይልቅ ጉልበቴ ፊት ላይ ነው። ያው የማውቀው ሕመም! እንዲህ የተቋጠረ ጡንቻ ሕመሙን ወደ ሌላ ቦታ እንደሚልክ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የተሸረሸረውን የአጥንት ልባስ ማሸት እንደማይመልሰው ግን አልደበቀችኝም፤ ያመንኳትም ለዚሁ ነው።

6 ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከወንበር ስነሣ ጠረጴዛ መደገፍ ትቻለሁ፤ ደረጃ መውረድ ዛሬም ያስጨንቀኛል። ለቤት የሰጠችኝ ሥራ፣ ተቀምጦ እግር መዘርጋትና 10 እስኪቆጠር ማቆየት፣ አሰልቺ ስለሆነ ዜና እያየሁ እሠራዋለሁ። የ3 ሰዓት ቀጠሮ 4 ሰዓት ይሆናል። መጋረጃውም አጭር ነውና ቀሚስ የምትለብሱ እናቶች ሰፊ ቁምጣ ይዛችሁ ሂዱ።