የብረት ቦናንግ፦ ለልምምድ የሚበቃ መሣሪያ
በኢንዶኔዥያ ማዕከላዊ ጃቫ በጎንግ (በመምቻ እየተመታ የሚጮህ ክብ የብረታ ብረት መሣሪያ) ቀጥቃጮች የተሠራው ይህ ቦናንግ ባሩንግ፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በተወጠሩ ገመዶች በሁለት ረድፍ የተደረደሩ፣ አናታቸው ጉብ ያለ 14 ትንንሽ ጎንጎችን የያዘና በባለ ሰባት ድምፁ የፔሎግ ስልት የተቃኘ የጋሜላን (አብረው የሚጫወቱ የኢንዶኔዥያ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስብ) መሣሪያ ነው። ብረት በመሆኑ ዋጋው ቀለል ቢልም፣ መዳብና ቆርቆሮ በግምት 10 ለ3 ተቀላቅለው ከሚቀጠቀጡበት የነሐስ ቦናንግ ጋር ሲነጻጸር ድምፁ ሻካራና ቶሎ የሚከስም ነው። ክር የተጠመጠመባቸው ሁለቱ መምቻዎች ግን እንከን የላቸውም፤ ዜማውን ቀድሞ በማሰማት ሌሎቹን ተጫዋቾች ለሚመራው አመታት ይመቻሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 በቅርስነት የመዘገበው ጋሜላን ወጥ ቅኝት ስለሌለውና እያንዳንዱ ስብስብ ለብቻው ስለሚቃኝ፣ ቦናንጉን ከሌላ ስብስብ ጋር ለማቀናጀት የሚያስብ ገዢ አስቀድሞ ድምፁን ማመሳከር ይኖርበታል።