የታፔላዬን ጣጣ ለጨረሰልኝ የደሴ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ታፔላ ወይም ስቲከር ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህቺን አንብቡልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ማስታወቂያ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። እጁም ጥሩ ነው፣ ጠያቂም አይሰለቸውም።

እኔ ኮምቦልቻ ባልትና አለኝ። ሎጎዬ መሶብና ከሥሩ የበርበሬ ዛላ ነው። በፊት ሌላ ቦታ (የት እንደሆነ ይቅር) ሳሠራ፣ ታፔላው ላይ መሶቡ ወደ ጎን ተለጥጦ ሳፋ መስሎ ወጣ። 8 በ6 ሳንቲ ሜትር ያዘዝኩት ስቲከር ደግሞ 6 በ4.5 ሆኖ መጣ። «ፋይሉ ነው» አሉኝ። በቃ፣ ሌላ መልስ የለም።

ይሄኛው ልጅ መጀመሪያ ፋይሉን በኖትፓድ፣ ተራ ጽሁፍ በሚያሳየው ፕሮግራም፣ ከፈተው። ኤስቪጂ (ሎጎዬ የተቀመጠበት የሥዕል ፋይል ዓይነት) ለካ ውስጡ ጽሁፍና ቁጥር ነው! ስፋትና ቁመቱ ላይ ሚሊ ሜትር የሚል ነገር የለም፤ ባዶ ቁጥር ብቻ። «እትዬ፣ የተሳለበት ፕሮግራም 72 ቁጥርን አንድ ኢንች ይላል። ስቲከሩን የቆረጠው ፕሮግራም ደግሞ 96ን ነው አንድ ኢንች የሚለው» አለኝ። 72 ለ96 ሲካፈል 0.75 ነው። የስቲከሬ ስፋትና ቁመት ሩቡ የት እንደገባ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ቪውቦክስ የሚባለውን 0 0 800 600 አደረገው። ሥዕሉ የሚለካው በዚህ ሜዳ ውስጥ ነው። ስፋቱን 80 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱን 60 ሚሊ ሜትር ብሎ ጻፈ። አንዷ የፋይሉ ቁጥር አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ሆነች ማለት ነው። ለታፔላው መጠን ስፋትና ቁመቱን ብቻ ቀየረ፤ መሶቡን አልነካውም።

ታፔላዬ 3 ሜትር በ1 ሜትር ነው፤ ከሥዕሉ ቅርጽ ጋር አይገጥምም። የመለጠጡም ምክንያት እዚህ ጋ ነበር። ፕሪዘርቭ አስፔክት ሬሾ የሚባለው ቦታ ላይ «ነን» (በእንግሊዝኛ none) ተብሎ ተጽፏል፤ እንደፈለክ ለጥጠው እንደ ማለት ነው። ምንም ባይጻፍበት ኖሮ መሶቡ ቅርጹን ጠብቆ መሀል ላይ ይቀመጥ ነበር። «ስላይስ» ቢባል ደግሞ ታፔላውን ይሞላና ከላይና ከታች ይቆረጣል። ልጁ ቅርጹን ሳይነካ ወደ ግራ አስጠጋልኝና የቀረውን 1 ሜትር ከ66 ለስሙ ተወው።

በርበሬው ትንሽ ከፍ ይበል ስለው የት ከፍታ ላይ እንዳለ ከሚናገረው ቁጥር ላይ 40 ቀነሰ። ኤስቪጂ ላይ ዜሮ ያለው ላይኛው ግራ ጥግ ነው፤ ቁጥሩ የሚጨምረው ወደ ታች ነው። ትምህርት ቤት ከሣልነው ግራፍ ተቃራኒ! ያቺ 40 ስቲከሩ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ናት፣ ታፔላው ላይ ግን ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ትጠጋለች።

መስመሩም አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ያንሳል። ታፔላው ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው የመሶቡ ጠርዝ ስቲከሩ ላይ 0.2 ብቻ ሆነ። ሲታተም ይጠፋል ብሎ ለስቲከሩ መስመሩ ወፈር ያለ ሌላ ፋይል አዘጋጀልኝ፤ ሳልጠይቀው።

ሁለቱንም ፋይል በፍላሽ ሰጠኝ። ይህን የሚያደርግ ማተሚያ ቤት ስንት አለ? ብዙዎቹ ፋይሉን ይዘው ያስቀሩብሃል፣ ለሚቀጥለውም እነሱው ጋ እንድትመለስ።

ስልኩን እዚህ መለጠፍ አልፈለግኩም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትሄዱ የታፔላውን ቦታ በሜትር ለክታችሁ ሂዱ፣ ሎጎውንም ከቴሌግራም ያወረዳችሁትን ፎቶ ሳይሆን ዋናውን ፋይል ያዙ። ቅዳሜ ወረፋ አለው።