ኖድኤምሲዩ ቦርድ፦ ሲነሳ የሚተፋው ፊደል ብልሽት አይደለም

ብዙ ሰው ይሄን ቦርድ ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ሲል አያለሁ፣ ለዛ ነው ሪቪው ልጽፍለት የፈለግኩት። ኢኤስፒ8266 ቺፕ ያለበትን ኖድኤምሲዩ ማለቴ ነው፣ ኮድ ጽፈን የምንጭንበት ትንሽ ቦርድ ነው፣ ዋይፋይ አለው፣ 4 ሜጋባይት ፍላሽ አለው፣ ዩኤስቢ ሰክቶ ወዲያው መስራት ነው፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ግን ሲሪያል ሞኒተሩን (ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳየውን መስኮት) በሰከንድ 115200 ቢት ላይ አድርጋችሁ ሪሴት ስትጫኑት መጀመሪያ የሚመጣው ነገር ያስደነግጣል፣ ሳጥን ሳጥን፣ የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት፣ ምኑም የማይነበብ፣ ከዛ ወዲያው የራሳችሁ ኮድ የሚጽፈው ጥርት ብሎ ይቀጥላል።

ቦርዱ ምንም አልሆነም። ቺፑ ውስጥ ያለው የቡት ኮድ (ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው) ክሪስታሉ፣ ማለትም የሰዓት ምት የሚሰጠው ክፍል፣ 40 ሜጋኸርዝ ነው ብሎ አስልቶ ነው 115200 ለማውጣት የሚሞክረው፣ ቦርዱ ላይ ያለው ክሪስታል ግን 26 ነው። 115200ን በ26 አባዙትና ለ40 አካፍሉት፣ 74880 ይመጣል፣ ሲነሳ የሚያወራው በዚህ ፍጥነት ነው። 115200 ላይ አንድ ቢት የሚቆየው 8.7 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፣ 74880 ላይ ግን 13.4 አካባቢ፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ በራሱ ሰዓት እየቆጠረ ሲያነብ አንዳንዱን ቢት ሁለቴ ያነበዋል፣ የባይቱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር ተዛብቷል። የናንተ ኮድ ሲጀምር ሰዓቱ በትክክለኛው ክሪስታል ስለሚስተካከል ነው ከዛ በኋላ ጽሑፉ የሚጠራው።

አሁን ሞኒተሩን 74880 አድርጉትና ሪሴት ተጫኑ (ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም፣ አርዱኢኖ አይዲኢ፣ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ሊኑክስ ላይ ስክሪን የሚባለው ፕሮግራም ይሄን ቁጥር አይቀበልም፣ ፓይሲሪያል ከሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ጋር የሚመጣውን «ሚኒተርም» ተጠቀሙ)። ያ የማይነበበው ነገር «አርኤስቲ ኮዝ፦2፣ ቡት ሞድ፦(3፣6)» የሚል መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ለኔ የዚህ ቦርድ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው ምክንያቱም ለምን እንደተነሳ ራሱ እየነገራችሁ ነው። ኮዙ 1 ከሆነ ፓወር ገና መግባቱ ነው፣ ሳትነኩት 1 እየደጋገመ ከተነሳ መጀመሪያ ኬብሉንና ፓወሩን እዩ። 2 ሪሴት ፒኑ ነው። 4 ዋችዶጉ (ኮድ ሲንጠለጠል ቺፑን እንደገና የሚያስነሳው ጠባቂ) ነው፣ ኮዳችሁ የሆነ ሉፕ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ማለት ነው። ቡት ሞዱ በ3 ፈንታ በ1 ከጀመረ ደግሞ ዲ3 ላይ የሰካችሁት ነገር ፒኑን ወደ ዜሮ ስቦት ኮዱን ከማስነሳት ይልቅ አፕሎድ እየጠበቀ ነው፣ ንቀሉት።

ፍጥነቱ እንደዚህ የተዛባ ከሆነ አፕሎድ እንዴት ይሰራል የሚል ሰው አለ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። አፕሎድ ላይ ቺፑ የራሱን ስሌት አያምንም፣ ኢኤስፒቱል (ኮዱን ወደ ቺፑ የሚጭነው ፕሮግራም) መጀመሪያ 4 ባይት ይልክና ከኋላው 0ክስ55 የሚባለውን ባይት 32 ጊዜ ይደጋግማል፣ ይሄ ባይት በቢት ሲታይ 01010101 ነው፣ መስመሩ በየቢቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቺፑ አንድ ቢት ስንት እንደሚቆይ ከዛው ለክቶ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ይይዛል። በጣም የተዋጣለት አሰራር ነው። አሮጌውን አርዱኢኖ ናኖ ብትወስዱት ቡትሎደሩ (አዲስ ኮድ የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) 57600 ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ አይዲኢው በ115200 ሲያናግረው «ኖት ኢን ሲንክ» (አልተጣጣምንም) እያለ ይቀራል፣ ሜኑው ላይ ኦልድ ቡትሎደር እስክትመርጡለት ድረስ። ኖድኤምሲዩ ላይ እንደዚህ አይነት ጣጣ የለም።

የሚቀነስበት ነገር አለ። አናሎግ ፒኑ አንድ ብቻ ነው፣ ቦርዱ ላይ ዲ1 ተብሎ የተጻፈው ፒን በቺፑ አቆጣጠር ጂፒአይኦ5 ነው፣ ለጀማሪ ያምታታል። ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ቲኤክስ ፒኑ (ጽሑፍ የሚልክበት) ላይ ሌላ ማይክሮኮንትሮለር ስታገናኙ ያ የቡት መስመር በ74880 ወደሱም መሄዱ ነው፣ ያኛው ትእዛዝ መጣልኝ ብሎ የማይሆን ነገር ሊሰራ ይችላል፣ ሪሌይ የሚያበራና የሚያጠፋ ከሆነ ደግሞ አደጋ ነው። ኮዱ ላይ ሲሪያል ስዋፕ የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና መስመሩን ወደ ዲ7ና ዲ8 አዙሩት፣ የቡቱ ጽሑፍ እዛ አይወጣም። የራሳችሁን ጽሑፍና የቡቱን አንድ ላይ ማንበብ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ኮዱ ላይም ሲሪያል ቢጊኑን (ፍጥነቱን የሚወስነውን ትእዛዝ) 74880 አድርጉት፣ በቃ ሁሉም ይነበባል። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በቲኤክስ ፒኑ ነው።