ጉግል ዶክስ ወይስ ሊብሬኦፊስ፦ ከከተማው ዳር ሆኖ ለሚጽፍ ሰው

በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ኖሮ ማመልከቻ ለማስጻፍና ሲቪ ለማሳተም የተመላለሰ ሰው፣ መብራቱም ኔትወርኩም እንደ ቀኑ መሆኑን አይስተውም። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ጽሕፈቱን በቤቱ ለመሥራት፣ ወይም አነስተኛ ኮፒ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው ፕሮግራም ሲመርጥ ዋጋውን ብቻ መመልከት አይበቃውም። ጉግል ዶክስም ሊብሬኦፊስም በነፃ የሚገኙ የጽሕፈት ፕሮግራሞች በመሆናቸው ልዩነታቸው የሚታየው የኢንተርኔት ጥቅሉ ያለቀ ዕለት ነው።

ጉግል ዶክስ በብሮውዘር ውስጥ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተር በሌለበትም በስልክ መተግበሪያው መጻፍ ይቻላል። ኔትወርክ እስካለ ድረስ የተጻፈው ሁሉ ወዲያው ወዲያው ራሱ ስለሚቀመጥ፣ መብራት ድንገት ቢሄድ ከጥቂት ቃላት በላይ አይጠፋም። በአማርኛ እየተናገሩ ማስጻፍም ይቻላል፤ ሆኖም የሰው ስምና ሥርዓተ ነጥብ በእጅ መታረም አለባቸው። በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ማከማቻ ለጂሜይልና ለፎቶም የሚያገለግል በመሆኑ፣ ሰነድ ሳይሆን ፎቶ ይሞላዋል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት መንገድ አለው፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ሳለ አስቀድሞ መከፈት ይኖርበታል፣ እኛ ደግሞ የምናስታውሰው ኔትወርኩ ከሄደ በኋላ ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. ኦፕንኦፊስ ከተባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ተለይቶ የወጣው ሊብሬኦፊስ የሚፈልገው አንድ ጊዜ ማውረድን ብቻ ነው። ፈቃዱ ማባዛትን ስለማይከለክል ከወዳጅ ፍላሽ ገልብጦ መጫንም ሕጋዊ ነው፤ ብዙዎቻችን ከነቫይረሱ የምንቀባበለው ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ የተሰበረ) ማይክሮሶፍት ኦፊስ ግን ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። ሠንጠረዥ መሥሪያውም አብሮ ይመጣል፣ ማውጫዎቹንም ወደ አማርኛ መለወጥ ይቻላል። ጉድለቱ በማይክሮሶፍት ወርድ የተሠራና ሠንጠረዥ የበዛበት ፎርም ሲከፈትበት አንዳንድ ጊዜ መስመሩ መዛባቱ ነው። ራሱን የሚያስቀምጠውም እንደ መጀመሪያው አሠራሩ በየ10 ደቂቃው ስለሆነ፣ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያለው ሰው ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ ሊያወርደው ይገባል።

ከሁለቱ ምርጫ ይልቅ ይበልጥ የሚያስቸግረው የፊደሉ ነገር ነው። አንድ ጊዜ በአሮጌ የግእዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤዬን በፍላሽ ይዤ አንድ ኮፒ ቤት ገባሁ፤ ሲከፈት ገጹ በሙሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አሮጌዎቹ ፎንቶች የግእዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የለጠፉ በመሆናቸው፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላቲኑ ብቻ ይቀራል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የራሱን ቦታ ስላገኘ ዛሬ ይህን ችግር መሸከም አያስፈልግም። ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ድምፁን በላቲን ቁልፎች ሲጫኑም በዩኒኮድ ግእዝ ይጽፋል፤ አቢሲኒካንና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን የመሳሰሉ ፎንቶችም ያለ ክፍያ ይወርዳሉ።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ኮፒ ቤት ለሚከፍትና በራሱ ላፕቶፕ ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ሊብሬኦፊስና ኪይማን ይቅደሙ። ስልክ ብቻ ያለው ሰው፣ እንዲሁም የቡድን ሥራቸውን በአንድ ሰነድ ላይ በጋራ የሚጽፉ ተማሪዎች ጉግል ዶክስን ቢይዙ ይሻላቸዋል። በየትኛውም ቢጻፍ ግን ለማሳተም በፍላሽ የሚወሰደው ፒዲኤፉ ይሁን፤ ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ አብሮ ስለሚሄድ የኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር የግእዝ ፎንት ባይኖረው እንኳ ጽሑፉ እንደተጻፈ ይታተማል።