ግቢያችንን በድንጋይና በጡብ ሠርተው ልጆቻችንንም ላስተማሩ ግንበኛ የቀረበ ምስጋና

በጎንደር ከተማ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርና የግቢ ማስዋብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ይህን የምጽፈው ባለፈው በጋ ግቢያችንን የሠሩልንን ግንበኛ በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ሥራ ላሰበ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለጠየቁኝ፣ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ግቢያችን እንደ ብዙዎቹ የጎንደር ግቢዎች ተዳፋት ነው። ቀደም ሲል በሌላ ባለሙያ ያሠራነው የድጋፍ ግንብ በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት ተደርምሶ አደረ፤ ልጆቹ ዕረፍት ላይ ስለነበሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ጋሼ ፍርስራሹን ሊያዩ የመጡ ዕለት ስለ ዋጋ አንድ ቃል ሳይናገሩ ከግንቡ ጀርባ የነበረውን አፈር ዘግነው በመዳፋቸው እያሹ አሳዩን። ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው፤ የወደቀው ግንብ ደግሞ አንድም የውሃ መውጫ ቀዳዳ አልነበረውም። «ድንጋዩ ምን አጠፋ? ውሃውን መሄጃ ብታሳጡት ገፍቶ ሄደ እንጂ» አሉን። አዲሱን ግንብ ወደ ተዳፋቱ በጥቂቱ አዘንብለው በጥቁር ድንጋይ ሠሩት፤ ከጀርባው ጠጠር ሞሉበት፤ ከግርጌው በየሜትር ተኩሉ ቀጫጭን ቱቦ አሳለፉበት። ዘንድሮ ሐምሌ ዝናቡ በበረታበት ቀን ጃንጥላ ይዤ ሄጄ ብመለከት ውሃው ከየቱቦው እየተንፎለፎለ ይወርዳል፤ ግንቡ ንቅንቅ አላለም።

ጡቡን ያዋሉት ለደረጃው፣ ለአበባ መደቦቹ ጠርዝና ከዋርካው ሥር ለተሠራው ክብ የውጭ መማሪያ ነው። መጀመሪያ ያሰብነው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ልጆቹን ከቦታው ለማራቅ ነበር፤ ጋሼ ግን ቱንቢውንና ውሃ ልኩን እያስያዙ ያሠማሯቸው ጀመር። ጡቡ 25 በ12 በ6 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ «የ25 ግማሽ እኮ 12 አይደለም» ብሎ ቢሞግታቸው፣ ሁለት ጡቦች ጎን ለጎን በአንድ ጡብ ላይ አስቀምጠው በመካከላቸው ትንሿን ጣታቸውን አስገቡና «ሲሚንቶው የት ይግባ ልጄ?» አሉት። 12 እና 12፣ ለሲሚንቶው 1፣ በድምሩ 25። ልጁ የሳቀው ሳቅ አሁንም ይታየኛል። የመቀመጫውን ከፍታ የወሰኑትም ልጆቹ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጉልበት በሜትር እየለካ፣ አንድ ረድፍ ከነሲሚንቶው 7 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ይዘው፣ ለትንንሾቹ አምስት ረድፍ ማለትም 35፣ ለትልልቆቹ ስድስት ረድፍ ማለትም 42 ብለው ጨረሱ። ክቡ የተሠመረው በካስማና በሲባጎ ስለሆነ ስለ ሬዲየስ ያስተማርሁት ትምህርት ያን ዓመት ደግሜ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አንድ ቅዳሜ ወላጆችን አስፈቅደን ልጆቹን ወደ ፋሲል ግቢ ወሰድናቸው። እንደ አብዛኛው የጎንደር ሰው በዚያ በር ስገባ ስወጣ ኖሬያለሁ፤ ነገር ግን በጥቁሩ ግድግዳ ላይ የበርና የመስኮቱን ቅስት የከበበውን ቀላ ያለ ድንጋይ ቆሜ ያየሁት ጋሼ በጣታቸው ሲያሳዩኝ ነው። የእኛን ደረጃ ቀይ ጠርዝ ያወጡለትም ከዚያ ወስደው ነው። ግንቦቹ የተያያዙት በኖራ እንደሆነ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነው በኋላ ተነሥቶ በኖራ እንደተተካ፣ ሲሚንቶ ደርቆ እርጥበቱን ስለሚያፍን አሮጌውን ድንጋይ እንደሚጎዳ ለልጆቹ በቀላል አማርኛ አስረዷቸው።

ለሚያሠራቸው ሰው ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ጋሼ አይቸኩሉም። አራት ሳምንት ያሉት ሥራ ሰባት ፈጅቷል፤ አንድ ቀን ግማሽ ቀን የተደረደረ ጡብ ቱንቢው ትንሽ ቢስትባቸው ማንም ሳያስገድዳቸው አፍርሰው እንደገና ሠርተውታል፤ የዚያን ቀን ሒሳብም አልጠየቁም። ደረሰኝ ስለማይቆርጡ እንደኛ ኦዲት ያለበት ተቋም ውሉንና የክፍያውን መንገድ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢጨርስ ይሻለዋል። እኛ ይህን ባለማድረጋችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሒሳብ ክፍል ጋር ተጨቃጭቀናል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

በአሁኑ ጊዜ አዘዞ አካባቢ ሥራ ይዘዋል። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ፤ የመሬት ቁፋሮ ያለበት ሥራ ከሆነ ግን ክረምቱ ሳይገባ ብትነጋገሩ ይበጃል። እርሳቸው ሳያዩት ጡብ አትግዙ። እኛ ቀድመን ያስጫንነውን ጡብ ሁለት ሁለቱን እያጋጩ ድምፁን እየሰሙ፣ እንደ ብረት ያልጮኸውን ሁሉ ወደ ጎን ጥለውብናል።