"ሻይ ጠጪ" ሲሏችሁ ከመኪናችሁ አጠገብ እንዳትነሱ

ይህን የምጽፈው ዛሬ ማታ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

41,500 ብር ከፍዬ መኪናዬን ተረከብኩ። ከጋራዡ በር ወጥታ ኮብልስቶኑን እንደረገጠች ያው ድምፅ መጣ። ቋ ቋ ቋ። ከፊት በግራ በኩል። ትናንት ጠዋት ይዣት ስገባ እንደነበረው፣ ምንም ሳይቀንስ።

መኪናዬ ኤክስኪዩቲቭ የምንላት ኮሮላ ናት፣ የ2004 ሞዴል። ድምፁ ከጀመራት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ለስላሳ አስፋልት ላይ ምንም የለባትም። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብዬ ስነዳ፣ ወይም አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ትንኳኳለች። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ጉብታ ሲወጡ ግን ዝም ትላለች። ይህንኑ ለጋራዡ ሰዎች አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ። ለካ መልሱን ራሴ ነበርኩ የነገርኳቸው።

መቼም እንዲህ ያሉትን ጋራዦች ታውቋቸዋላችሁ። ባለቤቱ ቱታ አይለብስም። ገና ከመኪና ሳትወርዱ "አይዞሽ እህቴ፣ ቀላል ነው" ይላችኋል። ከዚያ አንዱ ልጅ የመኪናዋን ጥግ በሁለት እጁ ጫን ጫን ያደርግና ከንፈሩን ይመጣል። ያቺ ከንፈር መምጠጥ ስንት እንደምታስከፍል የከፈለ ያውቃታል።

"እስኪፈታ ሻይ ጠጪ፣ እዚህ አቧራ ነው" አለኝ ባለቤቱ። በትህትና ነው ያለኝ። መንገድ ማዶ ያለችውን ሻይ ቤት በእጁ አሳየኝ። ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። አንዲት ሻይ ጠጣሁ።

ስመለስ መኪናዋ በግራ በኩል በክሪክ ተነስታለች፣ ጎማው ወልቋል። ልጁ በስልኩ መብራት እያሳየኝ "ነይ እህቴ፣ በዓይንሽ እዪው፣ በኋላ ዋሹኝ እንዳትይ" አለኝ። ጎንበስ አልኩ። መኪናዋ ጉብታ ካለፈች በኋላ ደጋግማ እንዳትዘል የሚይዛት ሾክ አብዞርበሩ ላይ፣ ከጥምዝምዙ ሞላ ሥር፣ ዘይት ያብለጨልጫል። ልጁ በጣቱ ነካ አደረገውና ፊቴ ድረስ አመጣው። ዘይቱ ጥርት ያለ ነበር። ቢጫ፣ ልክ እንደ ማር። ጣቱ ላይ አንዲት ቅንጣት አቧራ አልነበረችም።

ዙሪያው ያለው ብረት በሙሉ ጭቃ ተጋግሮበታል። ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ብራቾው፣ አፈር ለብሶ መልኩ አይታይም። ሾኩ ራሱ ከላይ እስከ ታች አቧራ ነው። ዘይቱ ብቻ ንጹህ። በዚያ አቧራ መሀል አንዲት ቀጭን መስመር ሠርቶ ወርዷል፣ ጫፏ ላይ ጠብታዋ ገና አልወደቀችም። ሳምንታት ያፈሰሰ ሾክ እንዲህ አይሆንም። የሚያፈስ ነገር አቧራ ይሰበስባል፣ ይጠቁራል፣ ሊጥ ይመስል ይለጠፋል። ይህን ለማወቅ ሜካኒክ መሆን አያስፈልግም። የወጥ ቤት ዘይት ጠርሙስ አንገቱ ላይ ምን እንደሚመስል እያንዳንዳችን እናውቃለን።

እኔም አውቄዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እዚያው ጎንበስ ብዬ "ይሄ ዘይት ለምን ንጹህ ሆነ?" ብዬ በልቤ ጠይቄያለሁ። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አራት ወንዶች ከበውኝ ቆመው ነበር። ስለ መኪና የማላውቅ ሴት ሆኜ አጉል ነገር እንዳልናገር ፈራሁ። ሃያ ደቂቃ ብቻዋን ትቻት እንደሄድኩም ትዝ ብሎኛል። ዝም አልኩ።

ዝም ማለቴን ሲያይ ልጁ ቀጠለ። ረጅም ብረት ከብራቾው ሥር ከትቶ በኃይል ወደ ላይ ፈነቀለው። በዚያ ጉልበት ቢፈነቀል የማይነቃነቅ ነገር ያለ አይመስለኝም። "ብራቾውም ከነቴስቲናው አልቋል። ቴስቲናው ከወጣ ጎማው ተገንጥሎ ይሄዳል። ልጆች ትጭኛለሽ አይደል?" አለኝ። ይህን ያለኝ የኋላ ወንበር ላይ የልጄን የውሃ ኮዳ አይቶ ነው።

ቴስቲና ብራቾው ጫፍ ላይ ጎማውን የሚይዝ መገጣጠሚያ ነው፤ እሱ ከወጣ ጎማ እንደሚገነጠል እውነት ነው። በየመንገዱ ጎማው ወደ ጎን ተኝቶ የቆመ መኪና ሁላችንም አይተናል። እኔም ያን ጊዜ የታየኝ ያ ነው። "ሥሩት" አልኩ።

ሁለት የፊት ሾክ 26,000፣ ሁለት ብራቾ 11,000፣ የእጅ 4,500። እሁድ ዕቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ የያዝኩት ብር ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ "ማሽኑ ተበላሽቷል" ተባልኩ።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ድምፁን ስሰማ ሃምሳ ሜትር እንኳን አልራቅኩም። አዙሬ ተመለስኩ። ባለቤቱ ከወንበሩ አልተነሳም። "እሱ ሌላ ድምፅ ነው። የድሮው ጠፍቷል" አለኝ። ያው ድምፅ ነው፣ በዚያው በኩል ነው፣ አብረን እንንዳና ስማው አልኩት። ስልኩን እየነካካ "ባልሽን ወይ ወንድምሽን ይዘሽ ነይ፣ ለእሱ እናስረዳዋለን" አለ። ትናንት እህቴ ሲለኝ የነበረው ሰው ነው። ልጆቹ ሳቁ። ያ ጣቱን ያሳየኝ ልጅም ከእነሱ ጋር ሳቀ።

የወለቁትን ሾኮች ስጡኝ አልኩ። "ምን ልታደርጊባቸው?" አሉኝ። የእኔ ናቸው፣ ስጡኝ። "የወለቀ ዕቃ ለጋራዥ ነው የሚቀረው፣ ደንብ ነው።" በእኔ ገንዘብ የተገዛ መኪና ላይ የነበረ ዕቃ በየትኛው ደንብ የእነሱ እንደሚሆን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

እያለቀስኩ ነዳሁ። ጎረቤቴ ደውላ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ጋ ላከችኝ። በግቢያቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ታሪኩን ልነግራቸው ስጀምር "ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንንዳት" አሉኝና ጎኔ ተቀመጡ። ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ ብዬ እንድሄድ አደረጉኝ። ከዚያ የግራውን ጎማ ብቻ ጉብታ ላይ እንዳወጣው ነገሩኝ። ቋ! ቀጥሎ ሁለቱንም እኩል አስወጡኝ። ዝም። "በቃ፣ ገብቶኛል" አሉ። ከመኪና ሳይወርዱ።

ተመልሰን ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ መሪውን አዞሩት። እጃቸውን ከጎማው ኋላ ሰደው አንዲት ቀጭን ዘንግ ይዘው ነቀነቋት። ቋ ቋ ቋ። ሦስት ሳምንት ያሰቃየኝ ድምፅ፣ በእጃቸው ውስጥ። እኔንም አስያዙኝ። ከስንዝር ትንሽ የምትበልጥ ነገር ናት፣ ጫፎቿ ላይ ትንንሽ ቴስቲና የሚመስል መገጣጠሚያ አላት። የስታብላይዘር ሊንክ ትባላለች። የላይኛው ጫፏ ላልቶ እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ይወዛወዛል።

እንዲህ ነው ያስረዱኝ። ስታብላይዘሩ የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዝ ብረት ነው፣ ኩርባ ላይ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን እንዳትጋደል ይይዛታል። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ ብረቱም አብሮ ይነሳል፣ ሊንኩ ላይ ጫና የለም። አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሳ ግን ብረቱ ይጠመዘዛል፣ ያላላው ሊንክ ይማታል። አንድ ጎን ብቻ በክሪክ ሲነሳ ደግሞ ሊንኩ ተወጥሮ ስለሚቆም መላላቱ አይታወቅም። እዚያ ጋራዥ ሲመረምሩ ያነሱት የግራውን ጎን ብቻ ነበር።

ስለ ድሮዎቹ ሾኮች ጠየቅኳቸው። "ሳላያቸው አልፈርድም" አሉኝ። ጉብታ ካለፍሽ በኋላ መኪናዋ ደጋግማ ትዘል ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንድም ቀን ዘልላ አታውቅም። ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ።

የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ሁለት ሊንክ በ3,200 ብር ተገዛ። የእጅ 600 ተቀበሉኝ። አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ድምፁ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ቀኝ እንደምትስብም ያወቁት እሳቸው ናቸው። የጋራዡ ሰዎች ብራቾና ሾክ ቀይረው አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ሳይሠሩ ነው የሰጡኝ። እሱን ለብቻው ነገ አሠራለሁ።

ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ አቤት ልበል ብዬ ነበር። ግን ምን ይዤ? ደረሰኝ የለኝም። የድሮው ዕቃ የለኝም። ያ የዘይት መስመር ፎቶ እንኳን የለኝም። ስልኬ በእጄ ነበር።

እናንተ ግን ድምፅ ያላት መኪና ስትወስዱ መጀመሪያ ሜካኒኩን አስቀምጣችሁ ንዱ። አልነዳም ካለ ውጡ። ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ፣ ፎቶ አንሱ። የሚወልቀው ዕቃ የእናንተ እንደሚሆን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ዘይት ካሳዩአችሁ ዙሪያውን ያለውን አቧራ እዩ።

ነገ ጠዋት ሾኮቼን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ባሌንም ወንድሜንም አልወስድም።