ኮኒ አሞርዛተር በፊያት 124 ስፓይደር ላይ፦ ከሱሉልታ የወራት ልምድ

ቁርጡን አስቀድሜ ልናገር። የቆየ ስፖርት መኪና ኖሯችሁ አዲስ አበባ ዙሪያ የምትነዱ ከሆነ ሞላውን አትንኩት። አታስቆርጡት፣ በጠንካራም አትቀይሩት። ብራችሁን ለጥሩ አሞርዛተር (የሞላውን ውዝዋዜ ለሚገታው)፣ ለአዲስ ጎሚኒ (በእግሯ መጋጠሚያዎች ውስጥ ላለው ላስቲክ) እና ለትክክለኛ የጎማ አላይመንት አውጡት። ከሚያዝያ ጀምሮ ክረምቱንም በጋውንም ነድቻት የደረስኩበት ይሄ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ለሕዝብ የቀረበችው፣ ፒኒንፋሪና የነደፋት ፊያት 124 ስፓይደር ናት። ከፊት በእያንዳንዱ ጎማ የላይና የታች ክንድ አላት። ከኋላ ድፍን አክስል ነው። አክስሉ በሞላ ላይ ይቆማል፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ደግሞ አንድ አግድም ዘንግ ይይዘዋል። ይሄ አሠራር ለከተማችን መካኒክ ብርቅ አይደለም። ላዳ ራሷ ከፊያት 124 የተወለደች ናት። ዕድሜውን ላዳ ታክሲ ሥር ተኝቶ ያሳለፈ ሰው የስፓይደርን እግር ሲያይ የድሮ ወዳጁን ነው የሚያገኘው።

የእኔም መካኒክ እንደዚያ ነው። ሞላውን ቆርጠን ዝቅ እናድርጋት የሚሉ ልጆች ጋራዡ ውስጥ ነበሩ። ጋሼ ግን ወዲያው ዘጋው። «ልጄ፣ አንተ የምትኖረው ሱሉልታ ነው፤ ለመንገዱ እዘንላት» አለኝ። ነገሩ ከሥር የመምታት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መኪናዋ ዝቅ ስትል ያ አግድም ዘንግ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። የሞላው መጨረሻ ላይ ያለው የላስቲክ ማቆሚያም ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ደግሞ ከፍታውን አስቡት። እዚህ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ስለዚህ ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ በሚወጣው መንገድ ላይ ደስታው ያለው ኩርባው ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ከሞተሩ በፊት እግሯ ላይ ያወጣሁት።

አሁን ወደ ገጠምኩላት ኮኒ አሞርዛተር። የእኔ ዓይነቱ የሚስተካከለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሞላው ከታመቀ በኋላ ሲዘረጋ ምን ያህል እንደሚይዘው ትወስናላችሁ፤ ሲታመቅ ያለውን አይነካም። ለማስተካከል ከመኪናው ማውረድ፣ እስከ መጨረሻው ጨምቆ ማስገባት፣ ከዚያ መጠምዘዝ ነው። ሥራ አለው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ በጠነከረ ቁጥር የሚሻል ይመስለዋል። ከዋናው መንገድ ወደ ቤቴ የሚያስገባው ኮብልስቶን ነው። የፊቱን አንድ ሙሉ ዙር አጥብቄ ስገባበት ጎማው ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል። መኪናዋ በየድንጋዩ ትንሽ ትንሽ እየሰመጠች ትሄድና ማቆሚያው ላይ ታርፋለች። ያኔ መሪው እጃችሁ ላይ ድው ድው ይላል። የሚነዳው ሰው ሞላው የደከመ ይመስለዋል። ግን ሞላው ጤነኛ ነው፣ እንዳይዘረጋ የያዘው አሞርዛተሩ ነው። ወደ ግማሽ ዙር ስመልሰው ድውታው ጠፋ።

ትራክ ላይ ደግሞ ልኩ ሌላ ነው። ትራክ የምለው በፈቃድ የተዘጋ፣ ኮን የተደረደረበት ሰፊ የአስፋልት ግቢ ነው። እዚያ በፋብሪካው ልክ ስትሆን መሪውን ብትጠመዝዙትም አፍንጫዋ ወደ ውጭ መግፋት ትወዳለች። መፍትሔው የኋላውን ግማሽ ዙር ማጥበቅ ሆኖ አገኘሁት። የፊቱን ሁልጊዜ ግማሽ ዙር ላይ ትቼዋለሁ። የኋላው ለመንገድ ሙሉ በሙሉ ልል፣ ለኮን ግማሽ ዙር። የኋላዎቹን ማውረድ ቀላል ስለሆነ ቅዳሜ ማታ በክሪክ አንስቼ ራሴ እጨርሰዋለሁ።

ካምበሩን፣ ማለትም ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያጋድልበትን ልክ፣ አትርሱ። በታችኛው ክንድና በተሸካሚው ብረት መካከል የሚገቡ ስስ ብረቶች አሉ፣ ላዳም ላይ እንዲሁ ነው። ስትጨምሩ የጎማው ታች ወደ ውጭ ይወጣል፣ አናቱ ወደ ውስጥ ያጋድላል። አንድ ዲግሪ አድርገናል። ከዚያ በፊት ኮን ውስጥ የፊት ጎማዬ የውጭ ትከሻ በፋይል እንደተሞረደ ይሆን ነበር። አሁን ጣቴን ከዳር እስከ ዳር ሳስኬድበት አበላሉ እኩል ነው። ጎማዬ 185/70 ባለ 13 ነው፤ ጥሩ ስታገኙ አራቱንም አንድ ላይ ግዙ።

የጎሚኒው ነገር ግን ያናድደኛል። ቀድሞ የሠራልኝ ጋራዥ መኪናዋ ተሰቅላ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ነው ዳዶዎቹን ያጠበቀው። መሬት ስትወርድ እያንዳንዱ ጎሚኒ ተጠምዝዞ ቀረ፣ ብዙም ሳይቆይ ተቀደደ። ጋሼ መጀመሪያ ያወርዳታል፣ በሁለት እጁ ወደ ታች እየጫነ ያወዛውዛታል፣ በራሷ ክብደት ስትቀመጥ ነው የሚያጠብቀው። የትም ብታሠሩ ቆማችሁ ይሄን እዩ።

ከክረምቱ በኋላ አሞርዛተሮቹን አውርደን አየናቸው። ዘንጋቸው ደረቅ ነው፣ ዘይት አላፈሰሱም። ብር ከጠበበባችሁ በጎሚኒና በአላይመንት ጀምሩ፣ አሞርዛተሩ ይከተላል። መኪናዋን ለሰርግና ለእሁድ ሽርሽር ብቻ የምታወጡ ከሆነ ግን ተራው አሞርዛተር ይበቃችኋል።